ባቡርና ትንሽ መኪና ሲጋጩ ተሳፋሪው ምን ያድርግ? ከማቋረጫው በፊት፣ ሐዲዱ ላይ እና ከአደጋው በኋላ

ስለ ባቡርና መኪና ግጭት ሲነሳ የሚጠየቀውም የሚመከረውም ሾፌሩ ነው። በሚኒባስ ውስጥ ግን ከአንድ ሾፌር ጋር አሥራ አንድ ተሳፋሪ አለ፤ በባጃጅ ሦስት፣ ትርፍ ሲጫን ደግሞ ከዚያም በላይ። እነዚህ ሰዎች መሪ አልጨበጡም፣ ፍሬን አልረገጡም፤ ጉዳቱን ግን ከሾፌሩ እኩል፣ አንዳንዴም ከእሱ በከፋ ሁኔታ ይቀበላሉ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዋናነት ለእነሱ ነው። ተሳፋሪ እንደ ጆንያ የተጫነ ዕቃ አይደለም። መንገዱ ሐዲዱን ከሚያቋርጥበት ቦታ፣ ከማቋረጫው፣ በፊት የሚያየው፣ ሐዲዱ ላይ የሚወስነው፣ ከግጭቱ በኋላም በእጁ የሚሠራው ነገር አለው። ሾፌሮችና ረዳቶችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ከሰበታ ተነስቶ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚደርሰው፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። በዚህ መስመር አካባቢ ያደጉ ሰዎች ስለ ባቡር ያላቸው ስሜት የተቀረጸው ግን በቀድሞው የለገሃር ባቡር ነው። ያ ባቡር ዝግ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ድምፁም ቀድሞት ይደርሳል። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ የተነደፈ ሲሆን ነፋስ ከወዲያ ከነፈሰ ድምፁ የሚሰማው አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው። «ሲመጣ እሰማዋለሁ» የሚለው የድሮ ልማድ ዛሬ ሰው ያስገድላል።

ባቡር ለምን አይቆምም?

የባቡር ጎማ ብረት ነው፤ የሚንከባለለውም በብረት ላይ ነው። ያን ሁሉ ጭነት በቀላሉ ጎትቶ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ የማይቆመውም በዚሁ ምክንያት። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ረጅም የጭነት ባቡር የአደጋ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ድረስ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊሄድ ይችላል። ነጂው ሐዲድ ላይ የቆመ መኪና ሲያይ ፍሬን ከመያዝና ጡሩምባ ከማሰማት በቀር የሚያደርገው ነገር የለውም። መሪ አዙሮ አያመልጥም።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ሙሉ ሰው የጫነ ሚኒባስ ከሐዲዱ አምስት ሜትር ርቆ ከቆመበት ተነስቶ ኋላው ሐዲዱን ሙሉ በሙሉ እስኪያልፍ ስድስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ባቡር በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር፣ በስድስት ሰከንድ ደግሞ 200 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ሾፌሩ «ገና ሩቅ ነው» ያለው ባቡር 200 ሜትር ላይ ከነበረ ግጭቱ የማይቀር ነው። ዓይንም ያታልላል። ትልቅ ነገር ፊት ለፊት ወደ እኛ ሲመጣ ፍጥነቱ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስለናል። ባቡርን በዓይን ለክቶ መቅደም የሚችል ሾፌር የለም፤ ሃያ ዓመት የነዳም ቢሆን።

ግጭቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚከፋም ማወቅ ይጠቅማል። ሎኮሞቲቩ ብቻውን ከመቶ ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሰው የሞላው ሚኒባስ ግን ከሦስት ቶን ብዙም አይዘልም። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ጉልበቱን ይካፈሉታል። ከባቡር ጋር ግን ባቡሩ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይቀጥላል፤ ሚኒባሱ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የባቡሩን ፍጥነት ይዞ በጎኑ ይወረወራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ጎኑ በመሆኑ በተመታው በኩል በተቀመጠው ሰውና በብረቱ መካከል ያለው አንድ ስስ በር ብቻ ነው። ጎድን፣ ሳንባ፣ ጣፊያ፣ ጉበት፣ ዳሌ፣ አንገትና ጭንቅላት በአንድ ጊዜ ይጎዳሉ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ጉዳት አለ፤ መኪናው ተገፍቶ ከምሰሶ ጋር ይላተማል ወይም ይገለበጣል፣ ያልታሰረ ሰውም በመስኮት ይወጣል። ከመኪናው ተፈናጥሮ የወጣ ሰው የመትረፍ ዕድሉ በእጅጉ ያንሳል።

ሲሳፈሩ

እዚህ ላይ የሚባለው አጭር ነው። ቀበቶ ካለ ይሰሩ። ሕፃን ጭንዎ ላይ ይዘው ከሆነ ቀበቶውን በሁለታችሁ ላይ አንድ ላይ አያዙሩት፤ በግጭት ጊዜ ሕፃኑ በእርስዎ ክብደትና በቀበቶው መካከል ይጨፈለቃል። ሕፃኑ ለብቻው የሚታሰርበት ቦታ ከሌለ ከበሩና ከመስታወቱ ርቆ በመሐል ይቀመጥ። በትርፍ የተጫነ መኪና ሲያዩ አይግቡ። በመተላለፊያው ላይ የሚዘረጋው ተጣጣፊ ወንበርና በእግር ሥር የተደረደረው ሻንጣ በደህና ቀን አይታወቁም፤ መኪናው ሐዲድ ላይ ሲቆም ግን በኋላ የተቀመጡትን ያስቀራሉ። በጉዞ መጀመሪያ ላይ የጎን በሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚከፈትና የኋላው በር ይከፈት እንደሆነ አንድ ጊዜ ይመልከቱ። በብዙ ሚኒባሶች የኋላ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ያኔ መውጫዎ መስኮት ነው ማለት ነው።

ወደ ማቋረጫው ሲቃረቡ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አብዝቼ የምለምነው ይህን ክፍል በጥሞና እንዲያነቡት ነው፤ እዚህ የተሠራ ነገር ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ያስቀራልና።

በአገራችን መሪው በግራ ነው። በሚኒባስ ጋቢና ከሾፌሩ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይቀመጣል። ሾፌሩ ወደ ቀኝ ሲያይ የሚያየው መጀመሪያ እነዚህን ሰዎች ነው፤ ትከሻቸው፣ ሻሻቸው፣ ታቅፈውት የያዙት ቦርሳ ይጋርደዋል። ስለዚህ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ወደደም ጠላም የሾፌሩ የቀኝ ዓይን ነው። ማቋረጫ ሲደርሱ ወደ ወንበርዎ ለጠጥ ብለው ዕይታውን ይክፈቱለት፤ ከዚያም ራስዎ በቀኝ በኩል ሐዲዱን እስከሚታየው ድረስ ይመልከቱና ያዩትን ድምፅ አውጥተው ይንገሩት። «በቀኝ ምንም የለም» ወይም «ቁም፣ እየመጣ ነው»። «ይመስለኛል» የሚል ቃል እዚህ አይሠራም፤ እርግጠኛ ካልሆኑ መልሱ «ቁም» ነው።

ባጃጅ ሌላ ችግር አለው። የሞተሩ ድምፅ ራሱ ሌላውን ድምፅ ይውጣል፤ በክረምት ደግሞ በሁለቱ ጎን የሚወርደው ሸራ ተሳፋሪውንም ሾፌሩንም እንደ ጭምብል ይሸፍናል። ዝናብ ቢሆንም ማቋረጫው ጋ ሲደርሱ ሸራውን በእጅዎ ገለጥ አድርገው ወደ ሁለቱም በኩል ይመልከቱ። ልብስ ይደርቃል።

ሾፌሩን እንዴት እናናግረው የሚለው ብዙ ሰው የሚያቅማማበት ነገር ነው። ጠብ አያስፈልግም። «ወንድሜ፣ ቴፑን ቀንስልንና መስኮቱን ክፈትልን፤ ባቡር መስመር ላይ ደርሰናል» ማለት ይበቃል። እናቶች «ልጄ፣ አይተህ እለፍ» ሲሉት የሚቆጣ ሾፌር ጥቂት ነው። የሚያስፈራው ብቻውን መናገር ነው፤ አንድ ሰው ሲጀምር ሌሎቹ ይከተላሉ። ሾፌሩ ባቡር ሲመጣ መንገዱን ሊዘጋ የወረደውን አግዳሚ ዞሮ ለማለፍ ከሞከረ ግን ልመናውን ይተዉትና «አውርደን» ይበሉ፤ የከፈሉት ሂሳብ ይቅር።

ሾፌሩ ማድረግ ያለበት፣ እርስዎም ማድረጉን የሚከታተሉት እንዲህ ነው። ከማቋረጫው በፊት ፍጥነት ቀንሶ ከመጀመሪያው ሐዲድ ቢያንስ አምስት ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ባቡሩ ከሐዲዱ ወደ ውጭ በሁለቱም ጎን ወደ አንድ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ሐዲዱን ተጠግቶ መቆም ራሱ ያስመታል። ወደ ግራና ቀኝ ያያል፣ ያዳምጣል። አንደኛ ማርሽ ያስገባል፤ ሐዲዱ ላይ ማርሽ አይቀይርም፣ ሞተር የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነውና። ከሁሉም በላይ ግን ከሐዲዱ ማዶ መኪናው ሙሉ በሙሉ የሚቆምበት ባዶ ቦታ መኖሩን ሳያረጋግጥ አይገባም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የፈጀ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ፎክስ ሪቨር ግሮቭ በምትባል ከተማ አንድ የተማሪዎች አውቶቡስ ሐዲዱን ተሻግሮ ቀይ መብራት ያዘው። ፊቱ ተሻግሯል፤ ኋላው ግን ባቡሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ቀርቷል። ባቡሩ የኋላውን ጫፍ መታው፤ ሰባት ተማሪዎች ሞቱ። በገበያ ቀን መኪና ተሰልፎ ሐዲድ በሚሻገርባቸው ከተሞቻችን ይህ ነገር የሚደገምበት ሁኔታ ሁልጊዜ አለ። ከፊት ያለው መኪና ካልተንቀሳቀሰ እርስዎ የተቀመጡበትም አይንቀሳቀስ፤ ከኋላ የሚነፋው ክላክስ ማንንም አይገድልም።

ደግሞም አንድ ባቡር አለፈ ማለት መስመሩ ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው መስመር ጥንድ ነው። የመጀመሪያው ባቡር ጅራት ሲያልፍ በሌላው ሐዲድ ከወዲያ የሚመጣውን ይጋርደዋል። ጅራቱ ርቆ ሁለቱም ሐዲድ በሁለቱም አቅጣጫ ግልጽ ሆነው እስኪታዩ ይጠበቅ።

መኪናው ሐዲድ ላይ ቢቆም

ሞተር ጠፋ፣ ጎማ ሐዲድ መሐል ገባ፣ ወይም ከፊት መንገዱ ተዘጋ እንበል። ባቡር ታየም አልታየም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

መጀመሪያ ሰው ይወርዳል። ሾፌሩ «አንዴ ላስነሳው» ሲል ሁሉም ተቀምጦ የሚጠብቅበት ልማድ መቅረት አለበት፤ ማስነሳት ካለበት ባዶውን ያስነሳው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ተጣጣፊ ወንበሮቹን ያነሳል፣ ሕፃናትና አረጋውያን በሰው እጅ ይወጣሉ፣ ሻንጣና ፌስታል ባለበት ይቀራል። የጎን በሩ አልከፈት ካለ በሾፌሩ በር፣ በመስኮት፣ በኋላ በር ይወጣል። መስታወት መስበር ካስፈለገ መሐሉን ሳይሆን ጥጉን በጠንካራ ብረት ይምቱት፤ የጎን መስታወት ጥጉ ላይ ሲመታ ይረግፋል።

ቀጥሎ ከሐዲዱ ይራቁ፤ አቅጣጫው ግን ወሳኝ ነው። ባቡር እየመጣ ከሆነ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከሐዲዱም በሰያፍ እየራቁ ይሩጡ። ነገሩ ለሰው ተፈጥሮ የማይስማማ ይመስላል፤ ከሚመጣ ነገር መሸሽ ነው የለመድነው። ባቡሩ መኪናውን ሲመታ ግን ስብርባሪው የሚወረወረው ባቡሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ወደዚያ የሸሸ ሰው መኪናው ራሱ ተገፍቶ ይደርስበታል። ወደ ባቡሩ በኩል በሰያፍ የሮጠ ሰው ግጭቱ ሲደርስ ከኋላው ይቀራል።

ባቡር ገና ካልታየ ጊዜውን ለማስጠንቀቅ ይጠቀሙበት። በማቋረጫው ጠባቂ ካለ ወዲያው ይነገረው፤ ከጣቢያው ጋር የሚገናኘው እሱ ነው። ጠባቂ ከሌለ በአቅራቢያ ላለ ጣቢያ ወይም ለፖሊስ በ991 ይደወል። ሁለት ብርቱ ሰዎች በሁለቱ አቅጣጫ፣ በሐዲዱ ላይ ሳይሆን በጎኑ፣ የቻሉትን ያህል ርቀው ይሂዱ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ከደረሱ ጥሩ ነው። ቀን ከሆነ ደማቅ ልብስ፣ ሌሊት ከሆነ የስልክ መብራት ከግራ ወደ ቀኝ በኃይል ያወዛውዙ። በሐዲድ ዳር ሰው አንድን ነገር በኃይል ሲያወዛውዝ ነጂዎች የሚረዱት «ቁም» ማለቱ እንደሆነ ነው።

ሐዲዱ ላይ ሳላችሁ ከፊትም ከኋላም አግዳሚው ቢወርድባችሁ ሾፌሩ ነዳጅ ሰጥቶ አግዳሚውን ሰብሮ ይውጣ። አግዳሚ የሚሠራው በመኪና ተገፍቶ እንዲሰበር ታስቦ ነው። «ንብረት ይሰበራል» ብሎ ሐዲድ ላይ መቆም ትልቅ ስሕተት ነው።

መውጫ ጊዜ ፈጽሞ ከሌለ ቀበቶዎን አይፍቱ፤ ከሚመታው ጎንና ከመስታወቱ ወደ መሐል ዘንበል ይበሉ፣ አገጭዎን ወደ ደረትዎ አስጠግተው ራስዎን በክንድዎ ይሸፍኑ።

ከግጭቱ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

ሰው ለመርዳት ከመሮጥዎ በፊት ቀና ብለው ሽቦውን ይመልከቱ። የጅቡቲ መስመር የላይ ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ 750 ቮልት። ምሰሶ ወድቆ ሽቦ መሬት ከነካ ቢያንስ ሃያ እርምጃ ይራቁ፤ መብራት መቋረጡ እስኪረጋገጥ ማንም አይጠጋ። ሽቦው መኪናው ላይ ከወደቀና እርስዎ ውስጥ ከሆኑ እዚያው ይቆዩ። እሳት ከተነሳ ብቻ ሁለት እግርዎን ገጥመው፣ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ፣ ዘልለው ይውረዱና እግርዎን ሳያነሱ እየጎተቱ ይራቁ። በጥንዱ መስመር በሌላው ሐዲድ የሚመጣ ባቡር መኖሩንም አይርሱ፤ አንድ ሰው ይህን ብቻ ይጠብቅ። ለአምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ ለእሳትና አደጋ 939 ይደውሉ፤ የቦታውን ስም፣ የተጎጂዎቹን ብዛት፣ የተቆለፈበት ሰው መኖሩን ይናገሩ።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ። የሚጮኸው ሰው እየተነፈሰ ነው፤ ቅድሚያ ዝም ያለውን ይዩ። የሚፈስ ደም በመጀመሪያ ይቁም። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ጭነው በሁለት እጅ፣ በሰውነትዎ ክብደት ይጫኑት፤ በየደቂቃው ገለጥ አድርገው አይዩ። በእጅ ወይም በእግር ላይ ያለ ደም በመጫን ካልቆመ ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ርቆ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሰፋ ያለ ጨርቅ ያስሩ፤ በቋጠሮው ላይ እንጨት ወይም ጠንካራ እስክሪብቶ ገብቶ ደሙ እስኪቆም ይጠምዘዝ። ሲባጎና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣሉ፤ አይጠቀሙባቸው። ያሰሩበትን ሰዓት በተጎጂው ግንባር ላይ ይጻፉ፤ ሐኪም እስኪያየው አይፍቱት። ሰውነት ውስጥ የተሰካ ብረት ወይም መስታወት አይነቀል፤ በዙሪያው በጨርቅ ይደገፍ።

ዳሌ በጎን ግጭት በብዛት ይሰበራል፤ የሚያስከትለው ደም መፍሰስ ወደ ውስጥ ስለሆነ ሰው አያየውም። ተጎጂው ዳሌዬን፣ ወገቤን ወይም ብሽሽቴን ካለ፣ መቆም ካልቻለ፣ እንዲነሳና እንዲሞክር አይገፋፉት፤ ዳሌውንም ይዘው አያወዛውዙ። ነጠላ ወይም ሻሽ አንድ ስንዝር በሚሆን ስፋት ይጠፍ። ከጉልበቱ ሥር ባለው ክፍተት ያስገቡትና ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይሳቡት። ማረፊያው ቀበቶ የሚታሰርበት ወገብ ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በጭኑ አናት በሁለቱም ጎን ወጣ ብሎ በእጅ የሚዳሰሰው አጥንት ላይ ነው። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ እኩል ስቦ ፊት ለፊት ይቋጠር። ጉልበቶቹንና ቁርጭምጭሚቶቹን ገጥመው በሌላ ጨርቅ ይሰሩ። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ነጠላ ያላት እናትም ሆነች ሻሽ ያላት ወጣት ትችላለች።

የአንገትና የአከርካሪ ጉዳት ሌላው ነው። እሳት፣ ሽቦ ወይም ባቡር ካላስገደደ በቀር ተጎጂውን ከቦታው አያንቀሳቅሱ። አንድ ሰው በራሱ በኩል ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ በቀጥታ ይያዝ፤ ሌሎቹ እጅና እግር ይዘው አይጎትቱ። መነሳት ካለበት ለአራት፣ ጭንቅላቱን የያዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል፣ ራስ፣ ትከሻ፣ ዳሌና እግር እኩል ተነስቶ ሰሌዳ ወይም የተነቀለ በር ላይ ይጋደም። አምቡላንስ ባይኖር ሰውን በቤት መኪና የኋላ ወንበር ላይ አጥፎ ከመጫን በፒክአፕ ወለል ላይ ዘርግቶ መውሰድ ይሻላል። በመልካም ልብ የተሸከሙት ሰዎች አጥፈው በመጫናቸው ብቻ ሽባ የሚሆን ሰው መኖሩ በጣም ያንገበግበኛል።

ራሱን የሳተ ግን በደንብ የሚተነፍስ ሰው ደም ወይም ትውከት እንዳያፍነው ራሱ፣ አንገቱና ወገቡ አንድ ላይ ሆነው በጎኑ ይገልበጥ። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱ መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫኑ። ማንኛውንም ተጎጂ በጋቢ ሸፍነው ያሙቁት፤ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ በቀላሉ አይረጋም። ውሃ ግን አይስጡት፤ ከንፈሩን ማርጠብ ይበቃል። በአገራችን ለተጎዳ ሰው ውሃ መስጠት ርኅራኄ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሊታነቅ ይችላል፣ ቀዶ ጥገናውንም ያከብድበታል።

«ምንም አልሆንኩም» ያለው ተሳፋሪ

ከባቡር ጋር ከተጋጨ መኪና በእግሩ የወጣ ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ድንጋጤ ሕመምን ይደብቃል። ጣፊያ ተሰንጥቆ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ቀስ እያለ ሊደማ ይችላል። በራስ ቅል ውስጥ የደማ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ደህና ሆኖ ሲያወራ ቆይቶ በድንገት ራሱን ሊስት ይችላል። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ የሆድ መነፋት፣ ትከሻ ሳይመታ በግራ ትከሻ ጫፍ የሚሰማ ሕመም፣ ቀይ ሽንት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝ ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም። ነፍሰ ጡር ሴት ምንም ባያማትም ትመርመር፤ የእንግዴ ልጁ ከማሕፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ከልጆች ጋር ደግሞ ቤተሰቡ ልብ ይበል፤ ልጅ ሕመሙን በቃል ከመናገር ይልቅ ዝም በማለት ያሳያል።

በባቡሩ ውስጥ ከሆኑ

በባቡሩ የተሳፈሩትም ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 በኒውዮርክ ግዛት ቫልሃላ አጠገብ አንድ የከተማ ዳር ባቡር ሐዲድ ላይ ከነበረች የቤት መኪና ጋር ተጋጭቶ የመኪናዋ ሾፌርና በባቡሩ ውስጥ የነበሩ አምስት ሰዎች ሞተዋል፤ ኤሌክትሪክ የሚሸከመው የጎን ሐዲድ ተነቅሎ ወደ ፉርጎው ገብቶ ነበር። ጡሩምባ ሲደጋገምና ፍሬን በድንገት ሲያዝ ከተነሱ ይቀመጡ፣ ከፊት ያለውን ወንበር ይደገፉ። ከቆመ በኋላ እሳት ወይም ጭስ ከሌለ ሠራተኞቹ ሳይፈቅዱ ወደ ሐዲዱ አይውረዱ።

በውጭ አገር ላሉ

በአሜሪካ በታክሲና በመሳሰሉት አገልግሎቶች የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እዚያ በየማቋረጫው ሰማያዊ ሰሌዳ ተተክሏል፤ በላዩ የባቡር ድርጅቱ የድንገተኛ ጊዜ ስልክና የማቋረጫው መለያ ቁጥር ተጽፏል። መኪናዎ ሐዲድ ላይ ከቆመ ሰዎቹን አውርደው ካራቁ በኋላ መጀመሪያ በዚህ ስልክ ይደውሉና መለያ ቁጥሩን ይንገሩ፤ ባቡሮቹን የሚያስቆመው በቀጥታ እሱ ነው። ሰሌዳውን ካላገኙ 911። በእስራኤል ለአምቡላንስ 101፣ ለፖሊስ 100 ነው።

ማስረጃና ካሳ

ተጎጂ ቤተሰብ በሐዘንና በሕክምና ሲባክን መብቱ በእጁ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይህን ጉዳይ ብቻ ይያዝ። የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና በፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊ ፎቶ ያንሱ። የአግዳሚውን፣ የምልክቱንና የመብራቱን ሁኔታ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ አግዳሚው ወርዶ ነበር ወይስ አልወረደም የሚለው ኋላ ዋናው ክርክር ይሆናል። አብረው ከተሳፈሩት የሁለት ሦስት ሰው ስልክ ይያዙ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ላይ ስምዎ በተሳፋሪነት መስፈሩን ያረጋግጡ፤ በሌላ መኪና በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት የተወሰደ ሰው ስሙ ሳይመዘገብ ይቀራል።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ደግሞ እስከ 40,000 ብር ነበር። መኪናው መድን ከሌለው ወይም ካልታወቀ ጥያቄው የሚቀርበው ለዚህ ተብሎ ለተቋቋመው የመድን ፈንድ ነው። የመድኑ ገንዘብ ለከባድ ጉዳት የማይበቃ ስለሆነ ቀሪው ከባለንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ማቋረጫው ጉድለት ከነበረበት የባቡር ድርጅቱም ሊጠየቅ ስለሚችል ጠበቃ ሁለቱንም አብሮ እንዲያይ ይንገሩት።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ የሕክምና ማስረጃውን፣ የራጅና የሲቲ ስካን ውጤቱን፣ የመድኃኒት ደረሰኞችን በሙሉ በአንድ ፖስታ ያኑሩ። ዘላቂ ጉዳት ካለ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፤ ሕክምናው እንዳበቃ ቀጠሮ ይያዙ። «እንስማማ» ተብሎ የሚቀርብ ወረቀት ላይ የቦርዱ ውጤት ሳይወጣ አይፈርሙ፤ በሽምግልና የሚመጡ ሰዎች መልካም ሰዎች ቢሆኑም በሽተኛው ገና ምን ያህል እንደተጎዳ አያውቁም። ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሳ ክስ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክሱ መቅረብ ያለበት የጊዜ ገደብ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ በዚያ ይታያል። ሁለቱ ዓመት በሆስፒታል ምልልስ ሳይታወቅ ስለሚያልፍ ፋይሉ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ቢከፈት ይመረጣል።